የገና ዱላ በሴት ልጅ እጅ

ነሐሴ 3 ቀን 2016 ዓ.ም. በፓሪስ ኦሊምፒክ የሴቶች ሆኪ የፍጻሜ ጨዋታ ሊያልቅ 9 ደቂቃ ያህል ቀርቶታል። ቻይና 1 ለ 0 ትመራለች። ኔዘርላንድ ፔናሊቲ ኮርነር፣ ማለትም በአብዛኛው በግብ ክልል ለተሠራ ጥፋት የሚሰጥ ምት፣ አገኘች። ኳሷ ከግብ መስመሩ ተገፍታ ወጣች፣ ክቡ አፋፍ ላይ በዱላ ቆመች፣ ወዲያው አንዲት ተጫዋች ጎንበስ ብላ እየጎተተች ወረወረቻትና መረቡ ውስጥ ገባች። ጨዋታው 1 ለ 1 ተጠናቀቀ፤ በመለያ ምት ኔዘርላንድ 3 ለ 1 አሸንፋ ወርቁን ወሰደች። ያቺ ተጫዋች ዪቢ ያንሰን ትባላለች። በዚያ ኦሊምፒክ 9 ግብ አስቆጥራ ኮከብ ግብ አግቢ ሆነች፤ ዓለም አቀፉ የሆኪ ፌዴሬሽንም የዓመቱ ምርጥ ሴት ተጫዋች አድርጎ መረጣት። የምትሰለፈው ግን ከኋላ፣ በተከላካይ ቦታ ነው።

ዓይኑ እግር ኳስ ለለመደ ተመልካች ይህ ግራ ያጋባል። ተከላካይ በአብዛኛው ስሟ የሚነሣው ስትሳሳት ነው። በሆኪ ግን ነገሩ ሌላ ነው። የተጋጣሚን ጥቃት ስትሰብር የዋለችው ተጫዋች ፔናሊቲ ኮርነር ሲገኝ ወደፊት ትሮጣለች፤ ዱላውን ከኳሷ ኋላ አስገብታ፣ ሳትመታ፣ እየጎተተች የምትወረውርበት ብልሃት ለዓመታት የሚለማመዱት የእጅ ሙያ ነው። ከያንሰን በፊት ይህን ሙያ የያዘችው ካያ ፋን ማሳከር ነበረች፤ እሷም ተከላካይ ናት። ሐምሌ 30 ቀን 2013 ዓ.ም. ቶኪዮ ላይ ኔዘርላንድ አርጀንቲናን 3 ለ 1 ስትረታ ከሦስቱ ግቦች ሁለቱ የፋን ማሳከር ነበሩ። ያንሰን ለቶኪዮ በተሰለፈው ቡድን ውስጥ አልነበረችም። ፋን ማሳከር ከቶኪዮ በኋላ ከብሔራዊ ቡድኑ ስትሰናበት ግን ቦታው ባዶ አልቀረም፤ ከሦስት ዓመት በኋላ ፓሪስ ላይ ያንኑ ሥራ ሌላ ልጅ ሠራችው።

ይህ መተካካት እንዴት መጣ? ያንሰን በኅዳር 1992 ዓ.ም. ስትወለድ አባቷ ሮናልድ ያንሰን የኔዘርላንድ ወንዶች ቡድን ግብ ጠባቂ ነበር። አትላንታ ላይ በ1988 ወርቅ አግኝቷል፤ ሲድኒ ላይ በመስከረም 1993 ሁለተኛውን ሲያጠልቅ ልጁ ገና ዓመት አልሞላትም። እንዲህ ካለ ቤት መወለድ ዕድል ነው፤ መካድ አይቻልም። ነገር ግን የአገሪቱ ሴቶች 9 የዓለም ዋንጫና 5 የኦሊምፒክ ወርቅ የሰበሰቡት በአንድ ቤት ዕድል አይደለም። የኔዘርላንድ ሆኪ ማኅበር ከተመሠረተ ከ120 ዓመት በላይ ሆኖታል። በሥሩ ከ300 በላይ ክለቦችና ከ200 ሺህ በላይ አባላት አሉት፤ ከአባላቱም የሚበዙት ሴቶች ናቸው። የስድስትና የሰባት ዓመት ልጅ በሠፈሯ ክለብ ትመዘገባለች፤ በሳምንቱ ቀናት ትለማመዳለች፤ ቅዳሜ ትጋጠማለች። በየዕድሜዋ ቡድን አለ፤ ከአንዱ ዕርከን ስትወጣ የሚቀበላት ቀጣይ ዕርከን አለ። ያንሰን በአይንድሆቨኑ ኦራኝ ሮድ ክለብ ተጫውታ ቢልትሆቨን ወደሚገኘው ኤስሲኤችሲ ተሻገረች፤ ከዚያ ወደ ብሔራዊ ቡድን። መንገዱ የተጠረገው እሷ ሳትወለድ በፊት ነው።

ከዚያ ፍጻሜ በሁለተኛው ቀን፣ ነሐሴ 5፣ እዚያው ፓሪስ ላይ በማራቶን ለኔዘርላንድ ወርቅ ያመጣችው አዳማ የተወለደችው ሲፋን ሐሰን ናት። የኛዋ ትዕግሥት አሰፋ በ3 ሰከንድ ተቀድማ ብር ወሰደች። ሲፋን በ15 ዓመቷ በስደት ኔዘርላንድ ስትገባ ስሟን የሚያውቅ አልነበረም። ነርስነት እየተማረች አይንድሆቨን ውስጥ ካለ የአትሌቲክስ ክለብ ጋር መሮጥ ጀመረች። አንዷ የኦሊምፒክ ሻምፒዮን ልጅ ናት፤ ሌላዋ ስደተኛ። ሁለቱንም በልጅነታቸው በር ከፍቶ የተቀበላቸው አንድ ዓይነት ተቋም ነው፤ የሠፈር ክለብ።

ወደ ሰሜን ወሎ እንምጣ።

ሆኪ የሚባል ነገር ለወልዲያ፣ ለመርሳና ለሐብሩ ሰው እንግዳ ይመስላል። ስሙ ብቻ ነው እንግዳ የሚሆነው። ጫፉ የተቆለመመ ዱላ፣ ከእንጨት የተጠረበች ወይም በጠፍር የተሠራች ክብ ሩር፣ ፊት ለፊት የተሰለፉ ሁለት ወገኖች፣ ሩሯን ከተቃራኒው ወሰን ለማሳለፍ የሚደረግ ትግል፤ ይህ የገና ጨዋታ ነው። ላሊበላ ላይ ታኅሣሥ 29 ሲከበር የሰሜን ወሎ ስም ዓለምን ይዞራል፤ በዓሉ ስሙን የሰጠው ጨዋታ ግን ከካሜራው ውጭ፣ በየገጠሩ መስክ ላይ ነው የኖረው። ልጆች ከበዓሉ ሳምንታት ቀድመው ዱላ የሚሆን ቆልማማ እንጨት ከየጥሻው ይፈልጋሉ፤ ላይ ሠፈርና ታች ሠፈር ይከፈላሉ። በጨዋታው ሜዳ ጌታና ሎሌ እኩል ይቆማሉ፤ በሌላው ቀን ቀና ብሎ የማያየውን ሰው የእረኛው ልጅ በዚያ ቀን ይጋፈጠዋል። የኢትዮጵያ ባህል ስፖርት ፌዴሬሽንም ገናን ከትግል፣ ከገበጣ፣ ከፈረስ ጉግስና ከሌሎቹ የባህል ስፖርቶች ጋር ደንብ አበጅቶለት ያወዳድራል።

እኩልነቱ ግን እስከ ወንዱ ድረስ ነው። ገና በልማድ የወንዶች ጨዋታ ሆኖ ኖሯል። ሴት ልጅ የራሷ የአደባባይ ጊዜ አላት፤ እሱም በነሐሴ አጋማሽ ነው። በላስታ አሸንድዬ፣ በራያ ቆቦ ሶለል ሲሆን ልጃገረዶች ሹሩባ ተሠርተውና አጊጠው፣ በቡድን ሆነው እየዘፈኑ ከቤት ወደ ቤት ይዞራሉ። ያ የነጻነት ቀን ነው፤ ተወዳጅም ነው። ቢሆንም ሁለቱን በዓላት ጎን ለጎን ላስቀመጠ ሰው ልዩነቱ ይታየዋል። ወንዱ በገና ይሮጣል፣ ይገፋል፣ ይወድቃል፣ ይሸነፋል፣ በሚቀጥለው ዓመት ብድሩን ይመልሳል። ሴቷ በአሸንድዬ ትታያለች። የሰውነቷን ጉልበት ከሌላው ጉልበት ጋር የምትለካበት ቀን በዓመቱ ውስጥ የላትም።

ገና ራሱም አንድ ጉድለት አለበት፤ በዓመት አንድ ሰሞን የሚመጣ ጨዋታ ነው። በዓሉ ሲያልፍ ዱላው ጣራ ሥር ይሰቀላል። በዚህ ዓይነት ጨዋታ ጎበዝ ይወጣበታል እንጂ ሙያ አይወጣበትም። የያንሰን የጎትቶ መወርወር ብልሃት በሺህ ድግግሞሽ የመጣ ነው፤ ድግግሞሹን የሚያስገኘው ደግሞ በየሳምንቱ የሚጠብቅ ተጋጣሚ ነው።

ሐብሩ ላይ ሌላም ነገር ይታሰባል። ወረዳው ከመርሳ እስከ ጊራና፣ ከስሪንቃ እስከ ውርጌሳ ሙስሊምና ክርስቲያን ተጋብቶና ተዋልዶ የሚኖርበት ነው፤ ቁጥሩ የሚበዛው ሙስሊሙ ነው። ስለዚህ ጨዋታው በበዓሉ ብቻ ከታሰረ የወረዳውን ልጆች ግማሹን እንኳ አይደርስም። የሁሉም የሚሆነው በትምህርት ቤት ግቢ ውስጥ ሲገባ ነው። እዚያ ዱላና ኳሷ ብቻ ይቀራሉ፤ የሰኞው ተማሪም የጁምዓው ሰጋጅም የእሑዱ አስቀዳሽም አብረው ይጫወቱታል። ልጃገረዶቹ እንደየቤታቸው ልማድ ተከናንበው ወይም ሳይከናነቡ መጫወት ይችላሉ፤ በዓለም አቀፍ ውድድርም ፀጉራቸውን ሸፍነው የሚጫወቱ ሴቶች አሉ።

አፍሪካዊት ሴት በሆኪ ምን ታደርጋለች ለሚል ሰው መልሱ በሞስኮ ኦሊምፒክ መዝገብ ላይ ተጽፏል። የሴቶች ሆኪ ወደ ኦሊምፒክ የገባው በዚያው በ1972 ዓ.ም. ነው፤ የመጀመሪያውን ወርቅ የወሰደችው ዚምባብዌ ናት። ሐምሌ 24 ቀን ዚምባብዌ ኦስትሪያን 4 ለ 1 አሸንፋ ሻምፒዮን ሆነች፤ በማግስቱ ምሩጽ ይፍጠር በ5,000 ሜትር ሁለተኛ ወርቁን አገኘ። ብዙ አገሮች ኦሊምፒኩን ስላልተካፈሉ የዚምባብዌ ቡድን ውድድሩ ሊጀመር ሳምንታት ሲቀሩት ነበር በጥድፊያ የተሰባሰበው። በሳምንታት ውስጥ ለወርቅ የሚበቃ ቡድን መሥራት የተቻለው ተጫዋቾቹ አስቀድመው በየትምህርት ቤታቸውና በየክለባቸው ስላደጉ ነው። የዚህ ታሪክ መራራ ጎኑም መነገር አለበት፤ ነጻነቷን ካገኘች ወራት ብቻ የሆናት ያቺ አገር ያሰለፈቻቸው ተጫዋቾች ሁሉ ነጮች ነበሩ። ሜዳውም ክለቡም የእነሱ ነበር። ጥቁሯ ልጅ ከአጥሩ ውጭ ቆማ ነው ያደገችው። ተሰጥኦዋን ማንም አላየውም፤ የሚታይበት ቦታ አልነበራትም።

ለወሎ ይበልጥ የሚቀርበው ምሳሌ ግን ከሕንድ የሚመጣው ነው።

ጃርካንድ በምሥራቅ ሕንድ ያለች፣ ደንና ኮረብታ የበዛባት፣ ገበሬዋ የደኸየ ክፍለ ሀገር ናት። በሲምዴጋና በኩንቲ መንደሮች ሆኪ የሠፈር ጨዋታ ነው። ልጆች ከቀርከሃ ወይም ከዛፍ ቅርንጫፍ በተቆረጠ ዱላ፣ በጠጠር ሜዳ ላይ፣ በባዶ እግራቸው ይጫወታሉ። መንደር ከመንደር ሲጋጠም የአሸናፊው ሽልማት ሙክት ነው፤ አርደው በጋራ ይበሉታል። ወሎዬ ይህን ሲሰማ አገሩን ያየ ይመስለዋል። ልዩነቱ ከዚህ በኋላ ያለው ነው፤ እዚያ መንደሮቹ ውስጥ ሴቶች ልጆችም ይጫወታሉ፣ ጎበዝ የሆነችውን የሚቀበላት ማሠልጠኛም አለ። ኒኪ ፕራዳን ከኩንቲ ወረዳ ከሄሳል መንደር ተነሥታ ራንቺ ከተማ ባሪያቱ ወደሚገኘው የሴቶች ሆኪ ማዕከል ገባች። በ2008 ዓ.ም. ሪዮ ላይ ስትሰለፍ ከጃርካንድ ለኦሊምፒክ የበቃች የመጀመሪያዋ የሆኪ ሴት ሆነች። ቦታዋ ተከላካይ ነው። በቶኪዮም ተሰልፋ ሕንድ አራተኛ ወጣች፤ ለነሐስ ሜዳሊያ በተደረገው ጨዋታ በብሪታንያ 4 ለ 3 ተሸነፉ። ከጎኗ የነበረችው የሲምዴጋዋ ሳሊማ ቴቴ ኋላ የብሔራዊ ቡድኑ አምበል ሆናለች።

ከቶኪዮ በኋላ የሕንድን ሴቶች ለማሠልጠን የተረከበችው ያኔክ ስኮፕማን ናት፤ በ2000 ዓ.ም. ቤይጂንግ ላይ ከኔዘርላንድ ቡድን ጋር ወርቅ ያገኘች፣ ከኋላ መስመር ስትጫወት የኖረች ሴት። ቀደም ብላ የአሜሪካን ሴቶች አሠልጥናለች፤ ከሕንድ በኋላም ወደ ጀርመን ሄዳለች። የአንዲት ተከላካይ የሥራ ዘመን ጫማዋን ስትሰቅል እንደማያልቅ ከዚህ ይታያል። ከኋላ ሆና ሜዳውን ሁሉ ስታይ የኖረች ተጫዋች ጨዋታውን ለሌላው ማስተማር አይከብዳትም። ወልዲያ ላይም ዛሬ የምትጀምር ልጅ ሜዳሊያ ባታይ እንኳ ከ15 ዓመት በኋላ የስፖርት መምህርት፣ ዳኛ ወይም አሠልጣኝ ልትሆን ትችላለች። ይህ ትንሽ ነገር አይደለም።

የሚነሡ መከራከሪያዎች አሉ። የመጀመሪያው ሜዳው ነው። ከሞንትሪያል ኦሊምፒክ ጀምሮ፣ ማለትም ከ1968 ዓ.ም. ወዲህ፣ ትልልቁ ሆኪ የሚካሄደው በሰው ሠራሽ ምንጣፍ ላይ ነው፤ ውኃ እየተረጨ የሚጫወቱበት ነው። ለድሃ አገር ውድ ነው። ሕንድና ፓኪስታን ከቀድሞ ኃያልነታቸው የወረዱት በዚሁ ምክንያት ነው የሚሉ ጥቂት አይደሉም። መከራከሪያው ለብሔራዊ ቡድን እውነት ነው፤ ለ10 ዓመት ልጅ ግን አይሠራም። ኒኪ ፕራዳን የጀመረችው በጠጠር ላይ ነው። በየወገኑ 5 ተጫዋች የሚሰለፍበት ትንሹ ሆኪም አለ፤ በጥር 2016 ዓ.ም. ኦማን ሙስካት ላይ የመጀመሪያው የዓለም ዋንጫው ሲካሄድ በሴቶች ኔዘርላንድ ሕንድን 7 ለ 2 አሸነፈች፤ ከአፍሪካ ናሚቢያና ዛምቢያም ነበሩበት። ለዚህ የትምህርት ቤት ግቢ ይበቃል።

ሁለተኛው መከራከሪያ እግር ኳስ ነው። ለሴቶች እግር ኳስ ያልበቃ በጀት ለማይታወቅ ስፖርት ከየት ይመጣል? ጥያቄው ተገቢ ነው። የንግድ ባንክ ሴቶች ቡድን በ2016 መጨረሻ አዲስ አበባ ላይ የምሥራቅና መካከለኛው አፍሪካ ክለቦችን አሸንፎ ወደ አፍሪካ ሻምፒዮንስ ሊግ ሲያልፍ የሴቶች እግር ኳስ ምን ያህል እንደተጓዘ ታይቷል። ሎዛ አበራ ከዱራሜ ተነሥታ ማልታና አሜሪካ ድረስ የደረሰችው በዚሁ መንገድ ነው። ገና ግን የእግር ኳስን በጀት አይሻማም፤ ሣር፣ መረብ፣ ከውጭ የሚገዛ ኳስ አይጠይቅም። ዱላው ከአካባቢው ይቆረጣል። የሚያስፈልገው ሰዓትና መምህር ነው።

ሰዓቱ ግን ቀላል አይደለም። የሐብሩ ልጃገረድ ከትምህርት ቤት ስትመለስ ውኃ፣ እንጨት፣ ታናናሾቿና ምጣዱ ይጠብቋታል። 15 እና 16 ዓመት ሲሞላት ደግሞ ሌላ ጥያቄ ይመጣል፤ ከሐብሩና ከአካባቢው ወደ ዓረብ አገር የሚወጣው ወጣት ብዙ ነው፣ ከእነሱም ሴቶች ብዙ ናቸው። የኔዘርላንዷ ልጅ ወደ ቀጣዩ የዕድሜ ቡድን በምትሻገርበት ዓመት የመርሳዋ ልጅ ስለ ፓስፖርት ታስባለች። አንድ የጨዋታ ቡድን ይህን ሁሉ ያስቀራል ማለት ቤተሰቡን የያዘውን ችግር ማቃለል ይሆናል። ሆኖም ከሳምንቷ ሁለት ከሰዓት የእሷ የሆነባት፣ ስሟ በሰሌዳ ላይ የተጻፈ፣ ቅዳሜ ካልመጣች ጓደኞቿ የሚጎድሉባት ልጅ እዚህ የሚያቆያት አንድ ተጨማሪ ምክንያት ታገኛለች።

ጦርነቱን መዝለል አይቻልም። ወልዲያና መርሳ ከነሐሴ 2013 እስከ ታኅሣሥ 2014 በጦርነት ውስጥ አልፈዋል፤ ከ2015 ክረምት ወዲህም በአማራ ክልል ያለው ግጭት ትምህርት ቤቶችን ዘግቷል፣ መንገድ አስሯል። በዚህ መሐል ስለ ጨዋታ ማውራት ለአንዳንዱ ቅንጦት ይመስለው ይሆናል። ያልበላና ያልተማረ ልጅ ምኑን ይጫወታል ይላል። ነገር ግን ፍርሃት የገባበት ልጅ ወደ ልጅነቱ የሚመለሰው በጨዋታ ጭምር ነው፤ ትምህርት ቤት በተከፈተ ቁጥር ከመጽሐፉ ጋር ሜዳውም መከፈት አለበት።

ደግሞስ ወልዲያ ለስፖርት የሚሆን ነገር የላትም ማለት አይቻልም። ከ25 ሺህ በላይ ተመልካች የሚይዘው የሼህ መሐመድ ሁሴን አሊ አል አሙዲ ስታዲየም በጥር 2009 ዓ.ም. ወልዲያ ላይ ተመርቋል። ሲመረቅ የከተማው ቡድን በፕሪሚየር ሊግ ነበር። ትልቅ ስታዲየም የሚያምረው ግን ከሥሩ ትንንሽ ሜዳዎች ሲኖሩ ነው። ያንሰን የተሠራችው በፓሪሱ ስታዲየም አይደለም፤ በክለብ ግቢ፣ በቅዳሜ ጠዋት ዝናብ ነው።

ከየት ይጀመር ለሚለው ጥያቄ መልሱ በእጅ ያለ ነው። ወልዲያ ዩኒቨርሲቲ የስፖርት ሳይንስ ተማሪዎች አሉት፣ መርሳ ላይም ካምፓስ አለው። ተማሪዎቹ ለመመረቂያ ተግባራዊ ልምምድ ይወጣሉ፤ ከእነሱ ጥቂቶቹ ወልዲያና መርሳ ውስጥ ወደሚገኙ አራት ትምህርት ቤቶች ቢመደቡ፣ በየትምህርት ቤቱ ከ5ኛ እስከ 8ኛ ክፍል አንድ የሴቶች ቡድን ቢቋቋም፣ የባህል ስፖርት ፌዴሬሽኑ የገና ደንብ ለልጆች በሚሆን መልኩ ቢቀለል አንድ ወቅት መጫወት ይቻላል። ሩሯ ለልጆች ከጨርቅ ወይም ከላስቲክ ብትሠራ ጥርስና ጉልበት ይተርፋል፤ ዱላ ከጉልበት በላይ እንዳይነሣ የሚከለክል ደንብ ከመጀመሪያው ቀን መኖር አለበት። ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ በየሁለት ሳምንቱ ግጥሚያ ይደረግ፤ የመጨረሻው ጨዋታ በገና ሰሞን በስታዲየሙ ይሁን፣ እናቶችና አባቶች በነጻ ይግቡ። በጥር ዱላው አይሰቀል፤ ሁለተኛው ዙር እስከ ግንቦት ይቀጥል። ከ8ኛ ክፍል የምታልፈዋን ልጅ የሚቀበል የሁለተኛ ደረጃ ቡድን በሁለተኛው ዓመት መዘጋጀት አለበት፤ ይህ ካልታሰበበት የመጀመሪያዎቹ ልጆች ልክ ሲጎለብቱ መድረሻ ያጣሉ። የዞኑ ስፖርት ጽሕፈት ቤትና የትምህርት መምሪያው አብረው ሊቀመጡበት የሚገባው ጉዳይ ይህ ነው፤ የዘንድሮውን የመጀመሪያ መንፈቅ መርሐ ግብር ሲያወጡ የሴቶቹን ሁለት ከሰዓት አስቀድመው ይመዝግቡ።